ዶሮ እርባታን ያዳመጡ ዕለት

ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ከላይ ስም፣ ከታች ፊርማ፤ መሀሉ ላይ «የምህንድስና ሳይንስ ዲግሪ ለመማር የመረጡት ኮሌጅ» የሚል አንድ መስመር አለ። አንድ ብቻ። ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ የሚባል ነገር አልተጻፈበትም። ልብስ ሰፊዋ እናት መስመሩን በሜትሯ ለክታ፣ «ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር! እኔ ለእጅጌ እንኳ ለስህተት ብዬ ሁለት ጣት ጨርቅ አተርፋለሁ፤ እነዚህ የሰው ልጅን ዕድሜ በዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ሊጨርሱት ነው?» አለች።

ቅጹ የመጣው ለልጇ ለመርፌ ነው። መርፌ እናትና አባት ያወጡላት ስም አይደለም፤ ሰፈሩ ነው ያወጣላት። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ አፏን የቀመሱት ግን ቅጥነቷን አያነሱም። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአስረኛ ክፍል በኋላ እግሯ ትምህርት ቤት አልረገጠም። የቀረውን በአባቷ ሱቅ፣ በሞተርና በሞተር መሀል ተቀምጣ፣ ግራሶ በነካው ጣቷ ገጽ እየገለጠች ለብቻዋ አጠናች፤ ተፈተነች፤ ሰፈሩን ኩም የሚያደርግ ውጤት አመጣች። የሒሳብ መጽሐፏን ያየ ሰው ከመኪና ሥር የወጣ ይመስለዋል። ውጤቱ በመጣ ዕለት «ማን አስጠናሽ?» ያለቻትን ጎረቤት፣ «የልጅዎን አስጠኚ ያስጠናሁት እኔ ነኝ» ብላ አፏን አስይዛታለች። ትምህርት ቤቱን ለምን እንዳቋረጠች ለሚጠይቃት ሁሉ «ይንቀረፈፉብኛል» ትላለች። እውነቱ ሌላ ነው፤ እንደርስበታለን።

ለምርጫ የቀረቡት ኮሌጆች ብዙ ቢሆኑም፣ እነ መርፌ ቤት የሚነሡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ትልቁ ነው። በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ቢሆንም ስሙ ቀድሞ ደርሶ ሰፈሩ ውስጥ ተቀምጧል። ብሮሹሩ ላይ የመስታወት ሕንጻ፣ የታጨደ ሣር፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች አንድ ማሽን ከበው ሲስቁ ይታያል። ማሽን እያየ የሚስቅ ሰው መርፌ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፤ ልቧ ግን እዚያው ነው። «የት ነሽ?» ሲሏት ያንን ስም ከአፏ አውጥታ፣ የጠያቂውን ፊት ቆማ ማየት ትፈልጋለች።

ሁለተኛው ዶሮ እርባታ ነው። ከሱቁ በታክሲ ሃያ ደቂቃ። ግቢው ድሮ የእውነት ዶሮ ይረባበት ነበር። ዶሮዎቹ ወጥተው ተማሪዎች ከገቡ አስራ አምስት ዓመት አልፏል፤ ሰፈሩ ግን ለውጡን አልተቀበለም። ተማሪ ሲያልፍ «ዛሬ ስንት ጣላችሁ?» ይባላል። ምረቃ ሲደርስ «ተፈለፈሉ» ይባላል።

«እኔ ነኝ እዚያ ገብቼ የምጭረው?» ትላለች መርፌ።

እንዲህ ከሆነ ዘጠኙን ሳንቲ ሜትር በትልቁ ስም ሞልታ መገላገል ነበረባት። ያልተገላገለችው በአባቷ ምክንያት ነው።

አባቷን ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። ሞተር ጠቅላይ ነው፤ የተቃጠለ ሞተር አንጀቱን አውጥቶ በአዲስ መዳብ ሽቦ ይጠቀልላል፤ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ማራገቢያ ያድናል። ዶክተር ያሰኘው ግን ካቻቢቴው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ በሚዞረው ሞተር ገላ ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግናል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ አንዲት ብሎን ሳይፈታ፣ «የኋላው ኩሽኔታ» ወይም «የፊተኛው» ብሎ ይፈርዳል። ኩሽኔታ የሞተሩ ዘንግ ሳይፋጭ እንዲዞር የሚያደርገው፣ በውስጡ የብረት ኳሶች የተደረደሩበት ቀለበት ነው፤ ሞተር ሲያምመው አብዛኛውን ጊዜ የሚያምመው እዚያ ነው። ያወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ ዶክተር አይጥልም። ወረቀት አስሮበት፣ እንዴት ይጮህ እንደነበር ጽፎበት፣ በትልልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ያስቀምጠዋል፤ «የወፍጮው፦ እንደ ፌንጣ»፣ «የልብስ ማጠቢያው፦ እንደ አማት ያጉረመርማል»። ጣሳዎቹ ሦስት ደርሰዋል። እናት ሰላሳ ዓመት ሙሉ «ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኔ» ስትል ኖራ፣ ሁለቱም አልወጡም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዶክተር ከሁለት ዓመት ወዲህ አይሰማም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን፣ ውሻ እስኪሸሽ የሚያፏጭ ፓምፕ አዳምጦ «ይህ ጤነኛ ነው» ያለ ጊዜ ነው። ባለ ፓምፑ ዓይኑ ፈጠጠ። ያኔ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ ያለችው መርፌ፣ ደብተሯን እንደታቀፈች ፊቱ ቆማ፣ «አባባ፣ ቅድም የኋላው ኩሽኔታ ነው አላልከኝም?» አለችው። ከንፈሯን አየ። «ብዬሻለሁ» አለ። በማግሥቱ መርፌ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ከዚያ ወዲህ እሱ ካቻቢቴውን ሲደግን እሷ ፊት ለፊቱ ትቆማለች፤ አፍንጫዋን ካከከች የኋላው ነው፣ ጆሮዋን ከነካች የፊተኛው፣ ፀጉሯን ካስተካከለች ሽቦው ነው። ዶክተርም አሁን የሚጨፍነው አንድ ዓይኑን ብቻ ነው። ፊት ለፊት ለሚያናግረው ከንፈር አይቶ ይመልሳል፤ ከጀርባው የሚመጣ ነገር ሳይነካው ያልፋል። ስለዚህ ጉዳይ አባትና ልጅ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

እንግዲህ መርፌ ትልቁን ከጻፈች፣ ዶክተር በሳምንቱ በሰፈሩ ፊት ይዋረዳል። ዶሮ እርባታን ከጻፈች ደግሞ ዕድሜ ልኳን «ስንት ጣልሽ?» ትባላለች። ቅጹን የሚቀበሉት ዓርብ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ረቡዕ ምሳ ላይ እናት ብሮሹሩን ዘርግታ፣ «እይ እስቲ ይሄን ሣር፣ በማሽን የተሰፋ እኮ ነው የሚመስለው» አለች።

ዶክተር ተቀበላት። ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ጫፉን በመስታወቱ ሕንጻ ላይ አሳርፎ ጆሮውን ደገነ።

«ምን ይላል?» አለች እናት።

«ወረቀት ምን ይላል? እኔ ሳላዳምጥ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። ሩቁን ማዳመጥ አልችልም፤ ቅርቡን ግን ነገ ሄጄ አዳምጠዋለሁ።»

«ዶሮ እርባታን አባባ?»

«ዶሮም ትሁን፣ ትደመጥ።»

መርፌ አልተከራከረችም። ይሄዳሉ፣ ያያሉ፣ በሙሉ ልብ ትሰርዘዋለች። የተሰረዘ ነገር ደግሞ አይቆጭም ብላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የግቢው ጥበቃ በሩ ላይ አስቆማቸው። «ማን ልበል?»

«ዶክተር ነው» አለች መርፌ። ውሸት አልነበረበትም።

ጥበቃው ግራሶ የጠጣውን ካፖርትና ከባዱን የመሣሪያ ቦርሳ ከላይ እስከ ታች አየ። «የመስክ ዶክተር ናቸው?»

«የመስክም የቤትም።»

ጥበቃው አምኖ ይሁን ተጠራጥሮ አብሯቸው ገባ። ቤቶቹ ረዣዥምና ዝቅ ያሉ ናቸው፤ መስኮቶቻቸው ለሰው አንገት ሳይሆን ለሌላ ፍጥረት የተለኩ ናቸው። መርፌ በልቧ መሳቅ ጀምራ ነበር። ከጀርባ በኩል፣ ከአንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ፓምፕ እንደ ታሰረ ጥጃ ይጮኻል። ጩኸቱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ተማሪዎች ጆሯቸውን በደብተር ሸፍነው ያልፋሉ።

ዶክተር በግቢው መሀል ቆመ፤ ደረቱን ነፍቶ አየር ሳበ። «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» አለ። «ለጥናት የተፈጠረ ቦታ!»

ጥበቃው ዞሮ አየው። መርፌ ቀጭን ድምፅ አይሰማውም እንጂ ጩኸት ይሰማዋል ብላ ነበር ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረችው።

«ቀልደኛ ነው» አለችው ጥበቃውን ቶሎ ብላ። ከዚያ አባቷ ፊት ዞራ አፍንጫዋን አከከች። ቆዳዋ እስኪቀላ አከከች።

የዶክተር ፊት በራ። ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው ክፍል አዞረ፤ በሩ ሲንቀጠቀጥ አየ። «የኋላው ኩሽኔታ!»

«እንዴት አወቁት አያ?» አለ ጥበቃው። «ይሄ ነገር ካበደ እኮ ሦስት ወሩ ነው፤ ራሴን አዞረው።»

«ሦስት ወር!» አለች መርፌ። ዶሮ እርባታን ለመሰረዝ የሚያስፈልጋት ምክንያት ሁሉ እጇ ገባ። የራሳቸውን ፓምፕ የማያክሙ ሰዎች ምህንድስና ሊያስተምሯት ነው!

በሩ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ይሄ ለማያውቅ ሰው ነው» አለ ዶክተር።

«ሌላ ለማን ይሆናል?» አለች መርፌ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ተጣልተው አያውቁም።

ውስጥ ያለው ነገር የባሰ ነበር። ፓምፑ ውኃውን ከበርሜል ይስባል፤ መልሶ እዚያው በርሜል ውስጥ ያፈሰዋል። ወዲያ ወዲህ። ለማንም አይደርስ፣ ማንንም አያጠጣ። ሞተሩ ጀርባ ላይ ደግሞ ሳንቲም የምታህል ነገር ከነሽቦዋ ተለጥፋለች፤ ሽቦዋ መብራት የሚያብለጨልጭ ሳጥን ውስጥ ትገባለች። «አንተ አምላክ፣ ዶሮዎቹስ ከዚህ ይሻሉ ነበር» አለች መርፌ። ማብሪያውን ዘጋች፤ ሳንቲም የምታህለዋን ነገር ከነሽቦዋ አላቀቀችና ጥግ አስቀመጠችላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እንደ ዜማ ነው። የዶክተር እጅ ጆሮ አይፈልግም። እሷ መፍቻ ስታቀብል እሱ ይፈታል፤ እሱ ሲጎትት እሷ ትደግፋለች፤ ጥበቃው ብሎኖቹን በቆቡ ይቀበላል። አሮጌው ኩሽኔታ ሲነቀል ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ዶክተር እንደ ልማዱ ኪሱ ከተተው። አዲሱ ከቦርሳው ወጣ፣ ገባ፣ ተገጠመ። በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ መርፌ ማብሪያውን ነካች።

ፓምፑ ተነፈሰ። መተንፈሱንም የሚያሳውቀው ውኃው ብቻ ነው።

«ተመስገን!» አለ ጥበቃው፣ ቆቡን ከነብሎን ትርፉ ደረቱ ላይ አድርጎ። ዶክተር መዳፉን በሞተሩ ላይ አሳርፎ ፈገግ አለ።

ያኔ አንድ ረዥም ተማሪ፣ ዳቦውን እንደያዘ፣ እየሮጠ መጣ። ያስሮጠው ዝምታው ነው።

«ማነው ያጠፋው?»

«ማንም አላጠፋውም። አዳንነው» አለች መርፌ።

«አዳናችሁት?» ረዥሙ ተማሪ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ፤ ቁመቱ ግን አላነሰም። «ሰማንያ ሦስት ቀን! ሰማንያ ሦስት ቀን!»

«ሰማንያ ሦስት ቀን ሲያለቅስ ሰምተህ ዝም ያልክ አንተ ነህ? ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለህ?»

«እንዲያለቅስ ነው እኮ! እኔ ነኝ ያስገባሁለት! የታመመ ኩሽኔታ ለምኜ አግኝቼ፣ ሕመሙ ሲብስ ድምፁ በየቀኑ እንዴት እንደሚለወጥ እየመዘገብኩ… መመረቂያዬ ነው! ሊሞት አስር ቀን ቀርቶት ነበር! መልሱልኝ!»

ዶክተር ከንፈሩን ተከትሎ የገባውን ያህል ገባው። ከኪሱ ሁለቱን ስባሪዎች አውጥቶ ዘረጋለት። ረዥሙ ተማሪ ተቀብሎ፣ አንድ ላይ ገጥሞ፣ እንደገና ለያይቶ አየ።

«እኔ እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም» አለ ጥበቃው፣ ወደ በሩ እያፈገፈገ። ቆቡ ላይ አንዲት ብሎን ቀርታበት ነበር።

ጩኸቱን የሰማች መምህርት መጣች። አጭር ሴት ናት፤ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ረስታዋለች። ነገሩን ሰማች፤ ስባሪውን አየች፤ በርሜሉን አየች። «አላዋቂ ሳሚ…» ብላ ጀምራ፣ የዶክተርን ሽበት አይታ ተወችው።

«ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች መርፌ። «ይጨርሱት። እኛው ነን።» ፊቷ በእሳት እንደተጠበሰ ነበር። በዕድሜዋ ሰው ስትሰድብ እንጂ ራሷን ስትሰድብ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱንም በደንብ እንደምትችልበት አየች።

መምህርቷ ወደ ፓምፑ ጎንበስ ብላ፣ ጀርባዋን ለዶክተር ሰጥታ፣ «አባቴ፣ የኋላው መሆኑን ሳይፈቱ በምን አወቁ?» አለች።

ዶክተር ስትንቀሳቀስ አየና፣ «ባለ ሃያ ሚሊው ኩሽኔታ ነው፣ አዲስ ነው» አለ በኩራት።

«አይ፣ መሣሪያ ይዘው ነበር ወይ ነው የምልዎት።»

«ኧረ ምንም አይደል! በደስታ ነው።»

ረዥሙ ተማሪ ዳቦውን አፉ ሳያደርስ ቀረ። መምህርቷ ቀና አለች፤ አባትየውን አየች፣ ከዚያ ልጅቱን። መርፌን አፍንጫዋም ጆሮዋም ፀጉሯም አላዳናትም። ለዚህ ምልክት አልነበራቸውም።

«እኔ ነኝ የሰማሁት» አለች። «ከግቢው መሀል።»

አባቷ ከንፈሯን እያየ ነበር። አነበባት። ከዚያ ፊቱን ወደ ፓምፑ መልሶ፣ ያላለቀ ሥራ እንዳለ ሁሉ የጠበቀች ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

«ከግቢው መሀል» አለች መምህርቷ። «የኋላውን ከፊተኛው ለይተሽ? እስቲ ነዪ። አንተም ተነሥና አሳያት፤ ኩሽኔታው እንደሆነ አይነሣ።»

ረዥሙ ተማሪ እያጉረመረመ ሳጥኑን እዚያው ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለ ኮምፒውተር ላይ ሰካ። ጠፍጣፋ መስመር ወጣ፤ ከመስመሩ ላይ አንዲት ጥርስ። ቀን አንድ፣ ምስር ታህላለች። ቀን ሠላሳ፣ ጣት። ቀን ሰማንያ ሁለት፣ የውኃ ማማ አክላ ቆማለች። «ይቺ ናት የኋላው ኩሽኔታ» አለ።

መርፌ የመስመሩን ጥርስ ትኩር ብላ አየቻት። ያቺን ድምፅ ታውቃታለች፤ ከሺህ ድምፅ መሀል ትለያታለች። አሁን ግን ቁጭ ብላ እያየቻት ነው። «ለምን እዚህ ጋ በቀለች?» አለች። «ለምን እዚያ ወዲያ አልሆነችም?»

ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ፈገግታ ሌላ ጊዜ ቢሆን በአንድ ቃል ታረግፈው ነበር። «የኳሶቹን ብዛት ትወስጃለሽ፣ የቀለበቱን ስፋት፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር። አባዝተሽ አካፍለሽ ስትጨርሺ እዚህ ጋ ትወድቃለች። ኩሽኔታውን ሳላስገባ በፊት ነው ምልክት ያደረግኩባት።» ግድግዳው ላይ ያለ ወረቀት አሳያት፤ ትንሽ የእርሳስ መስቀል፣ ከሥሯ ቀን። እውነቱን ነው። ፓምፑ ገና ጤነኛ ሳለ የተጻፈ ቀን ነው።

ሳይሰማ! ይሄ የዳቦ ፍርፋሪ አገጩ ላይ ያለበት ልጅ፣ እሷ ሰምታ እንኳ የማታውቀውን፣ ሳይሰማ ያውቃል። መርፌ ያን ቀን መወጋት ምን እንደሚመስል አወቀች።

ከጀርባቸው የብረት ድምፅ መጣ። ዶክተር ያቺን ሳንቲም የምታህል ነገር ከነሽቦዋ አንሥቶ ሞተሩ ላይ መልሶ ለጥፏታል። ስክሪኑ ላይ ያቺ ጥርስ የለችም፤ መስመሩ ተኝቷል። በካቻቢቴው ጫፍ ሞተሩን መታ አደረገው። መስመሩ ዘለለ።

«ይሄ… ድምፁ ነው?» አለ።

መምህርቷ ፊት ለፊቱ መጥታ ቆመች። ቃላቱን አንድ በአንድ ከንፈሯ ላይ አስቀመጠችለት። «አዎ አባቴ። እዚህ ቤት በዓይንም ይሰማል።»

ዶክተር መልሶ መታ። ዘለለ። ቀስ አድርጎ መታ፤ ትንሽ ዘለለ። በጥፍሩ ነካ፤ እሱም ታየ። አስራ አንድ ጊዜ መታ፤ ረዥሙ ተማሪ ሊናገር ሲል መምህርቷ እግሩን ረገጠችው።

«ይሄ ዕቃ ከየት ይገኛል?»

«ተማሪዎቹ ናቸው የሚሠሩት። በሁለተኛው ዓመት።»

«እኔስ?» አለ ረዥሙ ተማሪ። «ሰማንያ ሦስት ቀን የታመመ ኩሽኔታ አሁን ከየት ላምጣ?»

ዶክተር ይሄንን አነበበ። ቀስ ብሎ ፊቱ ተፈታ፤ ከዚያ ሳቀ። «ልጄ፣ የቸገረህ የታመመ ኩሽኔታ ነው?»

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሦስቱ ጣሳዎች ከሱቁ ወጡ። እናት ደጃፉ ላይ ወገቧን ይዛ፣ «ሰላሳ ዓመት ጣለው ስል የኖርኩት ለኮሌጅ ኖሯል!» አለች። አንዱን አንሥታ ወረቀቱን አነበበች። ሌላ አነሣች። «የላይኞቹ ጽሕፈት ያንቺ ነው» አለች።

«አባባ ሥራ በዝቶበት ነው» አለች መርፌ።

«አንቺ ልጅ፣ ከእኔ ሰውረሽ ሞተሽ ነው! ይሄ ሰው ስሰድበው መልስ መስጠት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ጠባዩ የተሻለ መስሎኝ ስእለት ላገባ ነበር።»

ዶክተር ጀርባውን ሰጥቶ ጣሳ ያስር ነበር። እናት ትከሻውን መታ አድርጋ ፊቷን አሳየችው። «ሂዱ!» አለች። «ጣሳውን አድርሳችሁ ቅጹን አስገቡ።»

ጣሳውን አደረሱ። ረዥሙ ተማሪ «እንደ አማት ያጉረመርማል» የሚለውን አንብቦ ይቅርታ አደረገላቸው፤ ስድሳ ሁለት ኩሽኔታ፣ ከጉንፋን እስከ ሞት፣ በየደረጃው። ከዚያ ወደ ቅጽ መቀበያው ቢሮ ሲሄዱ ዶክተር መንገድ ላይ ቆመ።

«ትልቁን ጻፊ።»

መርፌ ልትመልስ ስትል እጁን አነሣ። «ስሚኝ፤ አንቺ ትሰሚያለሽ። ጆሮው የኔ ነው፣ የሞተውም የኔ ነው። በኔ የተነሣ አንዴ ትምህርት ቤት ቀርተሻል። ሁለተኛ አይሆንም።»

ሁለት ዓመት ያልተነካው ነገር መንገድ ላይ፣ በጫማ ጠራጊና በታክሲ መሀል ወደቀ። መርፌ ፊቱ ቆመች። «ላንተ ብዬ ነው ብልህ ውሸቴን ነው፤ ላንተ ብዬ አይደለም ብልህም ውሸቴን ነው» አለች ከንፈሯን እየከፈተች። «ያ ቀውላላ ግን ያቺ ጥርስ የት እንደምትበቅል ሳይሰማ ያውቃል። እኔ እሱን ሳልበልጥ የትም አገር ሄጄ እንቅልፍ አይወስደኝም። ትልቁ ኮሌጅ ይሳቅ፤ እኔ እዚህ የምጭረው አለኝ።»

ዶክተር ፊቷን እንደ ሞተር መረመረ። «ይሁን» አለ። «የፊተኛው ጤነኛ ነው።»

ቢሮው ሲደርሱ አስር ሰዓት ተኩል አልፏል። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል፤ ከኋላቸው የቆመው ለልጁ ቅጽ የያዘው ባለ ወፍጮው፣ የድሮ ደንበኛቸው ነው። መርፌ ተራዋ ሲደርስ በገመድ የታሰረውን እስክሪብቶ አነሣች፤ ዘጠኙ ሳንቲ ሜትር ላይ አሳረፈች፤ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ቅጽ ተቀባዩ።

«ስሙ ማነው?»

«የማን?»

«የዶሮ እርባታ።»

ሰልፉ ሳቀ። ቅጽ ተቀባዩም ሳቀ፤ ከዚያ ዝርዝሩን አወጣና ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። «ዶሮ እርባታ… ዶሮ እርባታ… ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው መሰለኝ። እኔም ዶሮ እርባታ ነው የምለው።» ሰልፉን ጠየቀ። አንድም የሚያውቅ የለም። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ስሙን አልጠየቀም፤ መርፌም ካልጠየቁት አንዷ ነች። ሰዓቱ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ዶክተር ስልኩን አወጣ። ጥበቃው ትናንት፣ ነገሩ ከበረደ በኋላ፣ የቤቱን ማራገቢያ ሊያሳየው ቁጥሩን ሰጥቶታል። የድሮ ልማዱ ሆኖበት ደወለና ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «አንተ! ዶክተር ነኝ! የኮሌጃችሁ ስም ማነው?» ብሎ ጮኸ። ስልኩ ውስጥ ድምፅ ተንጫጫ። ዶክተር ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆመ። መርፌ ፊት ለፊቱ ነች፤ አፍንጫ የላት፣ ፀጉር የላት፣ ማገዝ የምትችልበት ምንም የላት። ሰልፉ ያያል። ባለ ወፍጮው ያያል።

ዶክተር ስልኩን ከጆሮው አወረደና ዘረጋላት።

«እንቺ አነጋግሪው» አለ፣ ጮክ ብሎ። «እኔ አልሰማም።»

«ዶክተር አይሰሙም?» አለ ባለ ወፍጮው።

«ከሁለት ዓመት ወዲህ። ያንተን ወፍጮ ያዳመጠችው እሷ ናት።»

ባለ ወፍጮው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ትንሽ አሰበበት። «ለነገሩ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም» አለና አፉን ዘጋ።

ስልኩ ላይ ጥበቃው ያለከልካል። «እኔ ምን አውቄ የኔ ልጅ! ቆዪ፣ ውጪ ወጥቼ ሰሌዳውን ላንብብልሽ። … አቧራ ነው፣ ቆዪ ልጥረገው። … አሁን ጻፊ።» አንድ ቃል ያነብባል፣ ትጽፋለች፤ አንድ ቃል ያነብባል፣ ትጽፋለች። ስሙ ረዥም ነበር፤ የሚያምርም ነበር። ዘጠኙ ሳንቲ ሜትር አልበቃውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት መርፌ ጠርዙ ላይ ወደ ታች አጠፈቻቸው፣ እናቷ የረዘመ እጅጌ እንደምታጥፈው።

ቅጽ ተቀባዩ ማኅተሙን አሳረፈ። ቀና ብሎ ፈገግ አለና፣ «እንግዲህ በቀን ስንት ልትጥይ ነው?» አላት።

መርፌ መልሷን ስላ ጨርሳ ነበር። ዶክተር ግን የሰውየውን ከንፈር ፊት ለፊት እያየ ስለነበር ቀደማት።

«አትቸኩላት ልጄ» አለ። «ገና መታቀፏ ነው።»